ምጣዱን ይችላል ወይ? በመሐል አዲስ አበባ ከመስመር የመላቀቅ ሂሳብ

«ምጣድ ይችላል ወይ ልጄ?» አሉኝ የግቢያችን እማማ፣ ስለ ሶላር ማውራት በጀመርንበት ቀን። ስለ አምፖል አልጠየቁም፤ ስለ ቴሌቪዥንም አላነሱም። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ሆነን እንኖራለን። በዚያ ሳምንት መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶብን፣ የውሃ ፈረቃችንም ሳይደርሰን ቀርቶ ስለነበር ጨዋታው ከቆጣሪውም ከቧንቧውም ተላቅቆ በራስ ስለ መኖር ነበር። እኔ የፓኔል ዋጋ ሳሰላ እሳቸው ቡሃቃ ውስጥ ያለውን ሊጥ ያስቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሂሳቡን በወረቀት ላይ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ በሠራሁት ቁጥር የሚወጣው መልስ ወደ እማማ ጥያቄ ይመልሰኛል። የከተማ ቤት ከመስመር መላቀቅ መቻል አለመቻሉን የሚወስነው ሙቀት ነው፤ ምጣዱ፣ ምድጃውና ቦይለሩ።

ነገሩ በየሰፈሩ ይወራል። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ካለን ከእንግዲህ ሻማ ለምን እንገዛለን ያለ ሰው ብዙ ነው። ተስፋው ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ግድቡ የሚፈታው ችግርና የእኛን ቤት የሚያጨልመው ችግር ይለያያሉ። ግድቡ ካለበት ከጉባ የሚነሳው ኃይል በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ተጉዞ ማከፋፈያ ጣቢያ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ይወርዳል፤ በመጨረሻ ከምሰሶው ወደ ጣሪያችን በተጎተተው ሽቦ ይገባል። ሰፈራችን ብቻውን ጨልሞ ከመንገድ ማዶ ያለው ሰፈር ሲበራ የምናየው ችግሩ በዚህ የመጨረሻ መንገድ ላይ ሲሆን ነው። ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ይጫናል፣ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ክረምት ሲገባ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ይወድቃል። ዓባይ ላይ ተርባይን ስለተጨመረ የሰፈር ሽቦ አይወፍርም።

መብራቱ ሳይጠፋ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። በበዓል ዋዜማ ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ፣ 220 መሆን ያለበት ቮልቴጅ ወደ 180 ይወርዳል። አምፖል ብቻ ያበራ ሰው ልዩነቱን ላያስተውለው ይችላል። ከምጣድና ከምድጃ የሚገኘው ኃይል ግን ቮልቴጁ ከቀነሰበት መጠን እጅግ ባሰ ይወርዳል፤ በስምንተኛ ክፍል ቋንቋ፣ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው። 3.5 ኪሎዋት የነበረ ምጣድ በ180 ቮልት 2.3 ኪሎዋት ብቻ ይሰጣል፤ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ሊጡ ያው ሊጥ፣ አብሲቱም ያው አብሲት ነው፤ እንጀራው ግን ዓይን አያወጣም። እናቶች «ዛሬ መብራቱ ደክሟል» ሲሉ ይህን ማለታቸው ነው፤ ከማንኛውም መለኪያ ቀድመው ያውቁታል።

ውሃውም ከመብራቱ ጋር የተሳሰረ ነው። የአዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ የጉድጓድ መስክ ይመጣል። አቃቂ ከመሐል ከተማው ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ውሃው ሽቅብ መገፋት አለበት። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 300 ሜትር ለማንሳት፣ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ፣ 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይበላል። ስለዚህ ፓምፕ ጣቢያ ላይ መብራት ሲቋረጥ ውሃም ይቋረጣል። ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የምንነሳው፣ የቀኑ ሽሚያ ሲበርድ በቧንቧው ውስጥ ግፊት ስለሚገኝ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከመንገድ የሚመጣውን ቧንቧ በቀጥታ በፓምፕ የሚስብ ሰው ጎረቤቱን ያደርቃል። ከዚያ የባሰውም፣ ግፊት በሌለው ቧንቧ ላይ መሳብ በየስንጥቁ ከአፈሩ ቆሻሻ ያስገባል። ፓምፕ ማስገባት ካስፈለገ ውሃው መጀመሪያ በራሱ ጊዜ መሬት ላይ ያለ ታንከር ይሙላ፤ ፓምፑ የሚስበው ከታንከሩ ይሁን።

የአንድ ቀን ሂሳብ

አምስት ሰው ያለበትን ቤት እንውሰድ። ስድስት የኤልኢዲ አምፖል በየማታው አምስት ሰዓት ቢበራ፣ ቆጣሪው አንድ ብሎ ከሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ሩቡን ያህል ይወስዳል። ቴሌቪዥኑ 0.3፣ ዋይፋዩ ቀንና ሌሊት በርቶ 0.24፣ ላፕቶፕና ስልክ አንድ ላይ ሌላ ሩብ፣ የውሃ ፓምፑም ሌላ ሩብ። ፍሪጁ ከሁሉም ይበልጣል፤ በቀን እስከ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ሁሉም ተደምሮ 2.3 ነው። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚያበስልና ሻወሩን በቦይለር የሚያሞቅ ቤት ይህን ያህል ብቻ ሲቀነስበት አይቶ አያውቅም። ሌላው የት ይገባል?

ወጥ ሲሠራ፣ ሻይ ሲፈላ፣ ምድጃው በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 80 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ውሃውን ከ17 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ውድ ቦይለር ስለተገዛ ይህ ቁጥር አይቀንስም፣ ውሃ ለመሞቅ የሚፈልገው ያንኑ ነው። ምጣዱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት ቢጣድ ለየቀኑ ሲካፈል 2 ይደርሰዋል። እንግዲህ ለሙቀት 9፣ ለቀረው ነገር ሁሉ 2.3። ከአምስት እጅ አራቱ ሙቀት ነው።

አሁን ፓኔል እንቁጠር። ነሐሴ ላይ፣ ሰማዩ ደመና በሚሆንበት ጊዜ፣ በቀን 4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ እናገኛለን ብለን፣ በሽቦ፣ በኢንቨርተር (የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን 220 ቮልት በሚቀይረው መሣሪያ) እና በባትሪ የሚባክነውን ሲሶ ያህል እንቀንስ። ሙቀቱን ትተን 2.3ቱን ብቻ ለመሸፈን ባለ 550 ዋት ሁለት ፓኔልና 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ አንድ የሊቲየም ባትሪ ይበቃሉ። ሁሉንም 11.3 እንሸፍን ካልን ግን ስምንት ፓኔልና አራት እንደዚያ ያለ ባትሪ ያስፈልጋል። ስምንት ፓኔል ከ20 ካሬ ሜትር በላይ ጣሪያ ይይዛል፤ በመሐል ከተማ ለብዙ ቤት ይህ ፀሐይ የሚያገኘው የጣሪያው ክፍል በሙሉ ነው። «ሶላር አስገባሁ» የሚል ሰው ስታገኙ የትኛውን እንዳስገባ ጠይቁት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምጣዱ፣ ምድጃውና ቦይለሩ ናቸው።

የምጣዱ ነገር

ምጣድ በድምሩ ብዙ የሚበላ አይደለም፤ በቀን 2 ነው ብለናል። ችግሩ የሚፈልገውን አንድ ጊዜ የሚፈልገው መሆኑ ነው። 3.5 ኪሎዋት ባንድ አፍታ ለመስጠት 5 ኪሎዋት የሚችል ኢንቨርተር መግዛት የግድ ይላል፤ ኢንቨርተሩ በሳምንት ለአራት ሰዓት ሲባል ሳምንቱን ሙሉ ተሰቅሎ ይኖራል። በ12 ቮልት ባትሪ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ያን ያህል ኃይል ከ12 ቮልት ለመሳብ ከ300 አምፔር በላይ ያስፈልጋል፤ ይህ የመኪና ሞተር ሲነሳ ለአፍታ የሚስበውን የሚያህል ሲሆን እኛ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንፈልገዋለን። አንዳንድ ሻጭ «ሁሉን ይችላል» ብሎ በ12 ቮልት ሲስተም ምጣድ ሲያስጀምር ሽቦ ቀልጦ ቤት ሊቃጠል ይችላል። 48 ቮልት ከሆነ አምፔሩ ወደ 75 ይወርዳል፤ ያ ይቻላል።

መፍትሔው ያለው በጊዜ ላይ ነው። ምጣድ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ውስጥ ቢጣድ ኃይሉን ከፓኔሉ በቀጥታ ይወስዳል፣ ባትሪውን ብዙም አይነካም። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ስምንት ፓኔል ቀትር ላይ አንድ ምጣድ ይሸከማል። ሐምሌ ላይ ግን አንድ ደመና ሲያልፍ ግማሽ የተጋገረ እንጀራ ላይ ኃይሉ ይቋረጣል። እንጀራ ደግሞ «ቆይ፣ ደመናው ይለፍ» አይባልም።

ሌላው መንገድ ከእማማ የተማርኩት ነው። ምጣድ ለመጋል ሩብ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ አንድም እንጀራ ሳይወጣ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሸክላውን በማሞቅ ብቻ ይሄዳል። ሦስት ቤት በሦስት ቀን በሦስት ምጣድ ሲጋግር ይህ ሦስት ጊዜ ይከፈላል። በአንድ የጋለ ምጣድ ላይ ተራ በተራ ቢጋገር አንድ ጊዜ ብቻ። እማማ ይህን በኪሎዋት አልቆጠሩትም። በእንጨት ዘመን፣ ምጣዱ አንዴ ከጋለ ጎረቤት ሊጡን ይዞ ይመጣ እንደነበር ነው ያወሩኝ። ከመስመር መላቀቅ የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው አንድ ቤት ለብቻው እንዴት እንደሚቆም ተደርጎ ነው፤ እንጀራ ግን ለብቻ ሲጋገር ይወደዳል።

ሙቅ ውሃና የኅዳር ብርድ

ከሙቀቱ ሁሉ በቀላሉ ከመስመር የሚወጣው የሻወሩ ውሃ ነው። በብዙ ጣሪያ ላይ የምናየው፣ ከበላዩ በርሜል ተጋድሞ ከሥሩ የመስታወት ቱቦዎች የተደረደሩበት የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ፣ ፓምፕም ሽቦም አይፈልግም። የሞቀው ውሃ ቀሎ ወደ በርሜሉ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከብዶ ወደ ቱቦው ይወርዳል፣ ቀኑን ሙሉ በራሱ ይዞራል። 2 ካሬ ሜትር የሚሆን ማሞቂያ በጥሩ ቀን 100 ሊትር ያህል ውሃ በ45 ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ያንኑ 2 ካሬ ሜትር ለኤሌክትሪክ ፓኔል ብንሰጠው የምናገኘው ኃይል ከዚያ ሙቀት ግማሽ አይሞላም። ጣሪያ ለጠበበበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፈረንጅ አገር ቱቦ ውስጥ ውሃ ረግቶ በረዶ እንዳይሆን ብዙ ወጪ ይወጣል፤ እኛ ያ ጭንቀት የለብንም። በክረምት ውሃው ለብ ብቻ ይላል፤ ለዚያ ጊዜ በርሜሉ ውስጥ የሚገባ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማስቀመጥ ነው። መጠንቀቅ ያለብን ክብደቱን ነው። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው። የመሐል ከተማ አሮጌ የጭቃ ቤት ጣሪያ ይህን አይችልም፤ የብረት ማቆሚያ ከመሬት ተነስቶ መቆም አለበት። ማሞቂያው ቀዝቃዛ ውሃ በራሱ እንዲደርሰው ሮቶው ከእሱ በላይ መቀመጥ ስላለበት ማቆሚያው እንደገና ይረዝማል።

ከተማዋ ራሷ ሙቀት ፍለጋ የወለዳት ናት። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት በ1879 ዓ.ም. ነው። መሬት ራሷ ያሞቀችው ውሃ እስከ ዛሬ እዚያው ይፈልቃል። ብዙም ሳይቆይ ማገዶ አለቀ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር፤ አዲስ አበባን ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። መብራት የሚባል ነገር በከተማዋ ሳይለመድ በፊት የእሳት ነገር ህልውናዋን ፈትኖ ነበር ማለት ነው።

ስለ ቤት ማሞቅ ግን ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ አንድ አደጋ ላይ ብቻ እቆማለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ደግሞ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ጋቢ ማውለቅ ነው። 2 ኪሎዋት የሚበላ ሂተር በማታ አራት ሰዓት ቢበራ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል፤ ለቀረው ኑሮ ሁሉ ከምናውለው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በጭቃ ቤት ግድግዳው ቀን የሞቀውን ሌሊት ይሰጣል፤ ሙቀቱ የሚያመልጠው በቆርቆሮው ነው። ኮርኒስ የሌለው ቤት ኮርኒስ ቢያስገባ፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ ከሆነ ወፈር ያለ ነገር ቢደርብበት፣ የበር ሥር ክፍተት ቢደፍን፣ ሂተር ከመግዛት ይሻላል። አደጋው ከሰል ነው። ምድጃውን በከሰል ሞልቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ የሚተኛ ቤተሰብ አለ። ከከሰሉ የሚወጣው መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ፍሙ ጭሱን ጨርሶ ቀይ ሲሆን «አሁን ንጹሕ ነው» ተብሎ ወደ ውስጥ ይገባል፣ መርዙ ግን ያን ጊዜም አለ። ተኝቶ የነበረው ሰው ራሱን አሞት ቢነቃ እንኳ ለመቆም ጉልበት ያጣል። መብራት የጠፋ ማታ ይህን ላላወቀ ጎረቤት መንገር ግዴታችን ነው።

ፀሐይ በየት በኩል ታልፋለች?

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከኢንተርኔት ያነበቡት ሰዎች ፓኔልን ወደ ደቡብ አዘንብለው ያቆማሉ፤ ለአውሮፓ ትክክል ነው። እኛ ጋ ግን ፀሐይ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ በአናታችን ትክክል ታልፋለች፤ በመካከሉ ባለው ጊዜ በሰሜን በኩል ትዞራለች። ክረምቱ ደግሞ የሚያርፈው በዚያው መካከል ነው። ስለዚህ ፓኔሉ ለጥ ማለት አለበት፤ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ቢዘነበል ለበጋው ይጠቅማል፣ ዝናቡም አቧራውን ያጥብለታል፣ ከዚያ በላይ ማቆም ክረምቱን ማጣት ነው።

የመሐል ከተማው ፈተና ጥላ ነው። ፓኔሎች በተከታታይ ሲያያዙ በአንዱ ላይ ያረፈ ጥላ የሌሎቹንም ጉልበት ይጎትታል። በየጎኑ ፎቅ በሚበቅልበት ከተማ ዘንድሮ ፀሐይ ያለው ጣሪያ ከሦስት ዓመት በኋላም ፀሐይ እንደሚኖረው ዋስትና የለም። ከመግዛት በፊት አንድ ሙሉ ቀን፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 10 ሰዓት፣ ጥላው የት የት እንደሚደርስ ጣሪያው ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል።

ስለ ባትሪ የምናገረው ከፍዬ የተማርኩትን ነው። የመጀመሪያ ባትሪዎቼ ሁለት ያገለገሉ የአሲድ ባትሪዎች ነበሩ። ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት ባትሪ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል ይባላል፤ ዕድሜው እንዲቆይ ከተፈለገ ግን ከግማሹ በታች መውረድ የለበትም። ይህን የነገረኝ አልነበረም። እኔም በየማታው እስከ ጥግ አወርዳቸው ነበር፣ አንድ ክረምት አልፈው ሁለተኛውን አላዩም። ሊቲየም የሚባለው፣ በተለይ የብረት ፎስፌቱ ዓይነት፣ ከሚይዘው ከ80 እስከ 90 በመቶውን ያለ ጉዳት ይሰጣል። ዋጋው ሲታይ ያስደነግጣል፤ በሚሰጠው ኃይልና በሚቆይበት ዓመት ሲካፈል ግን ከአሲዱ ይረክሳል።

አንድ የደህንነት ነገር አለ፤ የሌላ ሰው ሕይወት ነውና። ጀነሬተርም ሆነ ኢንቨርተር የመንገዱን መስመር ሳይለያዩ በቤት ሶኬት መሰካት ኃይሉን ወደ ምሰሶው መልሶ ይልካል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ የሚይዘው ያንን ሽቦ ነው። መቀያየሪያ ማብሪያ የግድ መኖር አለበት፤ ቤቱም የመሬት ሽቦ ሊኖረው ይገባል። በአሮጌ ቤቶቻችን ብዙ ጊዜ ይህ ሽቦ ጨርሶ የለም።

ዝናቡ ይበቃል ወይ?

አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ይህን ቢይዝ፣ በመንጠባጠብና በመርጨት የሚጠፋውን አምስተኛውን ቀንሰን፣ በዓመት 53,000 ሊትር ያህል ይሆናል። አምስት ሰው በነፍስ ወከፍ 50 ሊትር ቢጠቀም በዓመት 91,000 ሊትር ይፈልጋል። ጣሪያው ከግማሹ ትንሽ ከፍ ያለውን ይሰጣል ማለት ነው፤ ለዚያውም በወረቀት ላይ።

ወረቀቱ የማያሳየው ወቅቱን ነው። በሐምሌ ያ ጣሪያ በቀን 400 ሊትር ያህል ይሰበስባል፤ ከምንፈልገው 250 በላይ ስለሆነ ትርፉ ወደ ቦይ ይሄዳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ግን እምብዛም ጠብ አይልም፤ የበልግ ዝናብም አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። ስምንት ወር የሚያሻግር ውሃ ለማስቀመጥ 60,000 ሊትር መያዣ ያስፈልጋል፤ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ አሥራ ሁለት ማለት ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁለቱን ለማስቀመጥ የልብስ ማስጫውን ማንሳት ነበረብን።

እዚህ ላይ ነው የከተማችን ሰማይ የተለየ ጠባይ የሚታየው። ክረምት ውሃ ይሰጥና ፀሐይ ይነሳል፤ በጋ ፀሐይ ይሰጥና ውሃ ይነሳል። ሰኔ ላይ ሮቶው ሲሞላ ባትሪው ይጎድላል፣ ጥር ላይ ባትሪው ሲሞላ ሮቶው ይደርቃል። ሁለቱንም ሙሉ ለሙሉ መቁረጥ የሚፈልግ ቤት ለሁለት ተቃራኒ ወቅት ሁለት ጊዜ መክፈል አለበት። አንዱን ለማሟላት የወጣው ገንዘብ ሌላውን ምንም አያግዝም፤ ሙሉ በሙሉ የመላቀቅን ሐሳብ መሐል ከተማ ላይ የሚገድለው ይህ ነው።

የዝናብ ውሃ ግን ሁሉንም ካልተጠየቀ ብዙ ይሠራል። አንድ ጊዜ ሽንት ቤት ሲለቀቅ 6 ሊትር ይሄዳል፤ አምስት ሰው አራት አራት ጊዜ ቢለቅ 120 ሊትር፣ ማለትም የቤቱ ውሃ ግማሽ ግድም። ለሽንት ቤት፣ ለልብስና ለወለል የዝናቡን፣ ለመጠጥና ለምግብ የቧንቧውን ብንለይ የፈረቃው ጭንቀት በክረምት ይጠፋል፣ በበጋም ይቀላል። አሸንዳው ከበጋ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ዝናብ እንዲጥል መደረግ አለበት፤ የወራት አቧራና የእርግብ ኩስ የሚወርደው ያን ጊዜ ነው። ለ60 ካሬ ጣሪያ የመጀመሪያዎቹን 100 ሊትር ያህል ማፍሰስ ይበቃል። ሮቶው ጥቁር ወይም ብርሃን የማያስገባ ይሁን፣ ክዳኑ ይዘጋ። ለመጠጥ ካስፈለገ አጣርቶ ማፍላት፣ ወይም ውሃ አጋር በሚባለው የክሎሪን መድኃኒት ማከም ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ስለሚፈላ ሲንተከተክ ወዲያው ማውረድ አይገባም፤ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ባቄላና ሥጋ እኛ ጋ ለመብሰል የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፕሬዠር ኩከር የምድጃውን ፍጆታ ከማንኛውም ፓኔል በረከሰ ዋጋ ይቀንሳል።

ጉድጓድ መቆፈርን የሚያስብ ሰው ካለ እንዲተወው እለምነዋለሁ። ሽንት ቤት ጉድጓድ በየአሥር ሜትሩ ባለበት፣ የቀበናና የባንተይቀጡ ወንዞች በሚያልፉበት ሰፈር፣ ቅርብ የሚገኝ የከርሰ ምድር ውሃ ንጹሕ ይሆናል ብሎ ማሰብ ልጅን ለበሽታ መስጠት ነው።

ጣሪያው የማን ነው?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጣሪያ ላለው ሰው ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ላለ ሰው ጣሪያው የጋራ ነው፤ ማሞቂያም ፓኔልም ለመስቀል የሕንጻው ነዋሪ ሁሉ መስማማት አለበት። ብዙዎች በረንዳቸው ላይ ሮቶ ያስቀምጣሉ፤ 1,000 ሊትር አንድ ቶን መሆኑን ያስታወሰ ግን ጥቂት ነው፣ በረንዳውም ለዚያ አልተሠራም። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ደግሞ ከዚህ የከበደ ጥያቄ አለበት፤ ቤቱ ነገ ይኑር አይኑር አያውቅም። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንችስ ሲፈርስ ያየ ሰው አሸንዳና የመሬት ውስጥ ታንከር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ቢከብደው አልፈርድበትም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው መለኪያው ተነቅሎ የሚሄድ መሆኑ ነው፤ ፓኔልና ባትሪ ከሰው ጋር ይሄዳሉ፣ ሮቶም ይጫናል፣ የተቀበረው ግን ይቀራል።

ዋጋውም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ባትሪና ኢንቨርተር ሁሉ ተወደደ። በሌላ በኩል የመብራት ታሪፍም እየጨመረ ነው። ዛሬም ቢሆን ከቆጣሪ የሚገኝ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከባትሪ ከሚወጣው ይረክሳል። ስለዚህ ሶላር የሚገዛ ቤተሰብ ወጪ እቀንሳለሁ ብሎ ባይጀምር ጥሩ ነው። የሚገዛው በጨለማ ያልተቋረጠ የልጅ ጥናትን፣ ያልተበላሸ መድኃኒትና ያልሸተተ ወጥን ነው፤ ይህም ብር ያወጣል ብዬ አምናለሁ። ብቸኛው በገንዘብም ራሱን የሚከፍለው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያው ነው፤ ፀሐይ ባለበት ቀን ሁሉ ከቆጣሪው ላይ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያነሳልና።

ለእማማ የሰጠሁት መልስ «አይችልም» የሚል ነበር። ይችላል ለማለት አራት ባትሪና ሙሉ ጣሪያ ያስፈልገኝ ነበር፣ ለዚያውም ሐምሌ ላይ አላፍርም አልልም። «እንግዲያው ቆጣሪዬን እንዳትነካው» አሉ። አልነካነውም። ሁለት ፓኔልና አንድ ባትሪ የሦስቱን ቤት አምፖልና ዋይፋይ እንዲሁም የጋራውን ፍሪጅ ይዘዋል። ማሞቂያው በብረት ማቆሚያው ላይ ቆሟል፣ ሻወሩ በተራ ነው። ምጣዱ በመስመሩ ላይ ቀርቷል፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቮልቴጁ ሳይደክም፣ ሦስት ቤት በእማማ ምጣድ ላይ ተራ በተራ ይጋግራል። የጎደለን አሸንዳው ነው። ቆርቆሮ ሠሪው ልኩን ወስዷል፤ ግንቦት ሳያልቅ ይሰቅላል።